ወንዙ እንዳይሞላ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2017፣ ጄኔቫ

ፓስተር አየነው በምሳ ሰዓት ደወለ። ሳምንቱን ሙሉ ክሎተን አየር ማረፊያ የሰው ሻንጣ፣ እሑድ ደግሞ ኦርሊኮን በተከራየነው አዳራሽ የሰው ነፍስ የሚያመላልስ ትጉህ ሰው ነው። ሻንጣ አጠፋ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ስለ ሁለተኛው ሥራው አስተያየት የለኝም።

«ጋሽ ይልማ፣ መቼም እርስዎ የተማሩ ነዎት» አለኝ።

እንዲህ ተብሎ የተጀመረ ወሬ መጨረሻው ነጻ ጉልበት ነው። ጉባኤው ብራዚል ውስጥ፣ የአማዞን ገባር በሆነ ወንዝ ዳር ያለች ፖርቶ ዳ ጋርሳ የምትባል ትንሽ ከተማ ሊደግፍ አስቧል። መልክዓ ምድሯን፣ ታሪኳንና ኢኮኖሚዋን አጥንቼ ለምእመኑ እንዳቀርብ ይፈልጋል። እዚህ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሰነድ ክፍል ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ሥራ ነው፤ ረግጬው የማላውቀውን አገር በአራት ገጽ ማሳጠር።

«ሰው የሚሄድበትን አገር ማወቅ አለበት» አለ ፓስተር።

«ማን ነው የሚሄደው?»

ከኋላው የሻንጣ ጋሪዎች ሲንጫጩ ይሰማኛል።

«እትዬ ትርፍነሽ አልነገሩዎትም እንዴ?»

ትርፍነሽ ሚስቴ ናት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9፣ ዲቤንዶርፍ

ዓርብ ማታ ከምሠራበት ከጄኔቫ በባቡር ወደ ቤት መምጣት፣ እሑድ ማታ መመለስ የትዳራችን የጊዜ ሰሌዳ ነው። ዛሬ የልብስ ማጠቢያ ተራችን ስለነበር የጠየቅኳት እዚያው ምድር ቤት፣ ማሽኑ እየዞረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትርፍነሽ ለአውሮፕላን ምግብ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ትሪ ትደረድራለች። ከጎኗ የምትደረድረው ሉሲኔያ የምትባል ብራዚላዊት ናት፤ እሷም እንደኛው ጴንጤ። በፓውዘ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በፖርቱጋልኛ አብረው ይጸልያሉ። ሁለቱንም የሚሰማቸው አንድ ስለሆነ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። የሉሲኔያ የትውልድ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ለወንዝ ዳር መንደሮች መድኃኒት የምታደርስ ጀልባ አለችው። ነርሷ ለቃለች። ትርፍነሽ አገር ቤት ነርስ ነበረች፤ ዲፕሎማዋን እዚህ የተቀበላት የለም።

«መቼ ልትነግሪኝ ነበር?»

«ዓርብ።»

«የትኛው ዓርብ?»

«የመጣህበት ዓርብ ሁሉ። ትገባለህ፣ ትበላለህ፣ ታነባለህ፣ ትተኛለህ። በየት በኩል ልግባ?»

ቅደም ተከተሉ ልክ ነው።

የአንሶላውን አንድ ጫፍ ሰጠችኝ። «አንድ ዓመት ነው» አለች፣ ስናጥፈው ወደኔ እየቀረበች። «ሁለት ሰው ነው የሚፈልጉት። አንድ ነርስ፣ አንድ ደግሞ መዝገብ የሚይዝ።»

«ፖርቱጋልኛ አልችልም።»

«እኔስ እችላለሁ?»

አንሶላው ታጠፈ። ቀጣዩን አነሳን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ጄኔቫ

ጥናቱን ጀመርኩ። መልክዓ ምድር፦ ከተማዋ በወንዝና በጫካ መካከል ተጣብቃ የቆመች ናት። መንገድ የሚባል ነገር ወደሷ አይሄድም። ከማናውስ በጀልባ ሁለት ቀን ነው። ተሳፋሪው የገመድ አልጋውን ራሱ ይዞ ይመጣል። ወንዙ በየዓመቱ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት የሚያህል ይወጣና ይወርዳል። ስለዚህ ቤቶቹ ግማሾቹ በረጃጅም እንጨት ላይ ቆመዋል፣ ግማሾቹ በግንድ ላይ ይንሳፈፋሉ። ገበሬው ውሃው ሲሸሽ ይዘራል፣ ሳይመለስ ያጭዳል። ዘግይቶ ያጨደ የራሱን እርሻ በታንኳ ይጎበኛል።

አሁን ግን ውሃው የለም። በታሪክ ያልታየ ድርቅ ነው ይላሉ። ጀልባ መድረስ ካቆመ ሳምንታት አልፈዋል። የመድኃኒቷ ጀልባም ጭቃ ላይ በጎኗ ተኝታ በፎቶ አየኋት።

ጀልባ ካልደረሰ ሰው አይሄድም። የወንዙን ከፍታ በየቀኑ የሚያወጣ ድረ ገጽ አገኘሁ። የኮምፒውተሬ መክፈቻ ገጽ ላይ አኖርኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ሁለት ጣት ቀነሰ። ደስ አለኝ። ከዚያ የከተማዋ ሰው የሚጠጣው ውሃ በሄሊኮፕተር እንደሚመጣ አነበብኩ። ደስታዬ አልጠፋም። የገረመኝ ይሄ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29፣ ባቡር ውስጥ

ካሣዬን ጣቢያ ላይ አገኘሁት። ጄኔቫ ውስጥ የአንድ ኤምባሲ ሾፌር ነው፤ ሃይማኖቱ ትራፊክ ሕግ ብቻ ነው። የሆነውን ነገርኩት።

«እና አትሄጂም አላልካትም?»

«ጥናት እያዘጋጀሁ ነው።»

«ምን?»

«የከተማዋን ሁኔታ በግልጽ ካስቀመጥኩላቸው ራሳቸው ይተዉታል። ወባ አለ፣ ጎርፍ አለ፣ አሁን ደግሞ ድርቅ አለ፤ ሥራ የለም፣ ሐኪም የለም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህ እኮ ናት። የተባበሩት መንግሥታት አይደለችም።»

ባቡሩ መጣ። ካሣዬ ጥሩ ሰው ነው፤ ችግሩ ማስረጃ አይወድም።

የከተማዋን ታሪክ እዚህ ባቡር ውስጥ ጨረስኩ። መጀመሪያ መነኮሳት መጥተው በጫካ የተበተነውን ሕዝብ ለነፍሱ ሲሉ አንድ ቦታ ሰበሰቡት፤ በፈንጣጣ አለቀ። ቀጥሎ የጎማ ዛፍ ዘመን መጣ። አንድ ቤተሰብ ወንዙን ሁሉ ያዘ፣ የብረት ሰገነት ከአውሮፓ በመርከብ አስመጥቶ ቤቱ ላይ ሰቀለ። እንግሊዞች የጎማውን ዘር ወስደው እስያ ሲዘሩት ያ ሁሉ በጥቂት ዓመታት ጠፋ። ከዚያ ጃፓኖች ጁት የሚባለውን የጆንያ ተክል ይዘው መጡ። ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ የጆንያ ቃጫ ያጥብ ነበር። ዓለም ጆንያውን በፕላስቲክ ለወጠ፤ እነሱም ከውሃው ወጡ። ዛሬ ትልቁ ቀጣሪ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ሁለተኛው የአሮጊቶች ጡረታ። አሣ፣ የካሳቫ ዱቄትና የጫካ ለውዝ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ባጭሩ፣ በየዘመኑ አንድ ሰው ከሩቅ ይመጣል፣ ለከተማዋ ጥቅም ነው የመጣሁት ይላል፣ ይሄዳል። በደንብ የተጻፈ ነው፤ ይህንን አንብቦ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ሰው የለም።

እሑድ፣ ኅዳር 8፣ ባቡር ውስጥ፣ ወደ ጄኔቫ

አቀረብኩ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ትርፍነሽ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ፣ ልጃችን ሐሴት ከጎኗ። ፕሮጀክተሩ ላይ ጭቃ ላይ የተኛችውን ጀልባ አስቀደምኩ። አሳዛኝ ፎቶ ነው፤ ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት።

«ከተማዋ የዓመቱን ግማሽ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹን ጭቃ ውስጥ ናት» አልኩ።

«አሜን!» አለ አንድ ሰው።

አሜን የሚያስብል ነገር አልተናገርኩም። ቀጠልኩ። ወባ። «ኢየሱስ!» ቅርቡ ሆስፒታል የቀናት መንገድ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ!» ወጣቱ ሁሉ ተሰዶ ያለቀ፣ የቀረው የሚጦረው ያጣ አረጋዊ። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። እኔ ስለ ኢኮኖሚ ነበር የማወራው።

የመጨረሻውን ድንጋይ ወረወርኩ፤ «በአሁኑ ሰዓት፣ ወደዚህች ከተማ መድረስ አይቻልም።»

አዳራሹ ተነሣ። ቃል በቃል ነው የምለው፤ ወንበር ወደቀ። እትዬ ሕብስት፣ ራእይ የሚያዩት፣ እጃቸውን ዘርግተው «ቡናማ ውሃ አየሁ! በላዩ ነጭ ጀልባ!» አሉ። አምናም ውሃ አይተው ነበር፤ ያኔ የአዳራሹ ቧንቧ ፈነዳ። ፓስተር አየነው ማይኩን ከእጄ ወሰደና «ጠላት በሩን የዘጋበት ቦታ እግዚአብሔር የሚፈልገው ቦታ ነው!» አለ። መዋጮው እዚያው ተጀመረ።

ሃያ ዓመት አብሬያቸው ተቀምጬ፣ እንዲህ ያለ ስሕተት እሠራለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ለልማት ባለሙያ «መድረስ አይቻልም» ካልከው ፋይሉን ይዘጋል። ለጴንጤ «መድረስ አይቻልም» ካልከው ጫማውን ያስራል። ፈተና የሌለበት ነገር ጥሪ አይደለም። ከተማዋ ባሕር ዳር ያለች፣ አስፋልትና ጥሩ ሆቴል ያላት ናት ብል ኖሮ፣ ሦስት እሑድ ጸልየንበት እንተወው ነበር።

በር ላይ ትርፍነሽ እጄን ያዘች። ከያዘችው ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። «እንዲህ አድርገህ የምታቀርበው አልመሰለኝም ነበር» አለች። «አልቃወምሽም ማለትህ ነው?»

«እውነታውን ነው ያስቀመጥኩት» አልኳት።

እጄን ለቀቀችው።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አንድ ጣት ጨመረ። ዝናብ ላይኛው ተፋሰስ። ምንም ማለት አይደለም፤ ይዋዥቃል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

አይዋዥቅም። ይጨምራል።

እሑድ፣ ኅዳር 29

ትርፍነሽ ለዝማሬ ልምምድ ቀረች፤ ብቻዬን ከኦርሊኮን ኤስባን፣ የከተማውን ባቡር፣ ይዤ ወደ ዲቤንዶርፍ። ከኋላዬ ሁለት የጉባኤያችን ሴቶች ተቀመጡ፤ ኮፍያ አድርጌ ስለነበር አላወቁኝም።

«ባሏስ ምን ይላል?»

«ምን ይላል! ቤቱ ጄኔቫ ነው። ለሱ ትርፌ ዲቤንዶርፍ ሆነች ብራዚል ሆነች፣ ያው በመስኮት የሚታይ አገር ነው።»

«ኧረ ተይ፣ ጨዋ ሰው ነው።»

«ጨዋስ ጨዋ ነው። ጨዋ መሆኑ አይደል ችግሩ።»

ዲቤንዶርፍ ላይ እነሱ እስኪወርዱ ጠብቄ በቀጣዩ ጣቢያ ወረድኩ። በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱ በግላት ወንዝ ዳር ነው። ግላት በግንብ መካከል፣ በተፈቀደለት ልክ ይፈሳል። ለዓመታት አጠገቡ የኖርኩት ወንዝ ነው፤ ታሪኩን አንድ ገጽ አላነበብኩም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10፣ ጄኔቫ

ከትርፍነሽ አጭር መልእክት፦ «ኩንዲጉንጉን ሰጠሁ።» ሥራዋን ለቃለች ማለት ነው።

«ደረሰኝ» ብዬ መለስኩ። ለመልቀቂያው ይሁን ለመልእክቱ አልገለጽኩም።

ውሃው ጀልባዋን ከጭቃ አንሥቷታል። ፎቶ ለጥፈዋል። ሕፃናት ጀልባዋ ላይ ወጥተው ይጨፍራሉ። እኔ እዚህ፣ ሞቅ ባለ ቢሮ፣ በእነዚያ ሕፃናት ላይ ድርቅ የምመኝ ሰው ነኝ። በማመልከቻ መልክ ባቀርበው ማንም ድርጅት አይቀበለኝም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21፣ ዲቤንዶርፍ

የዓመቱ መጨረሻ ዕረፍት ስለሆነ እዚህ ነኝ። የትናንቱን ሳልረሳው ልጻፍ።

ሐሴት አፖቴክ፣ ማለትም መድኃኒት ቤት ውስጥ ሌሬዋን፣ የሙያ ሥልጠናዋን፣ እየጨረሰች ነው። ከትርፍነሽ ጋር ሆነው ጠረጴዛው ላይ መድኃኒት ይለያሉ፤ የወባ ወዲህ፣ የተቅማጥ ወዲያ። እናቷ የስንቱን ልክ በቃሏ ትነግራታለች። ሐሴት እየጻፈች «ማሚ፣ ይሄን ሁሉ ከየት ነው ምታውቂው?» ትላለች። ልጄ እናቷ ነርስ መሆኗን በወሬ እንጂ በዓይኗ አይታ አታውቅም። እኔም ብረሳው አይፈረድብኝም ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ፣ ይፈረድብኛል ብዬ አሰብኩ።

ትርፍነሽ ሱቅ ስትወርድ ሐሴት ወደኔ ዞረች።

«አባ፣ ማሚ አሁን ትዘፍናለች። ሰምተሃል? ኩሽና ውስጥ። በፊት ኒ፣ በጭራሽ ዘፍና አታውቅም።»

«ትዘምራለች ነው የሚባለው።»

«ኦኬ። ትዘምራለች።» መድኃኒቱን ወደ ካርቶን መክተት ቀጠለች። «አንተ ግን ሰምተሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

ማታ እኔና ትርፍነሽ ብቻችንን ቀረን። ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን እየጎነጎነች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የተናገረችው።

«ይልማ፣ ትኬት የሚቆረጠው ነገ ሰኞ ነው።»

«የአየር መንገዱ ሰሌዳ በየወቅቱ ይለወጣል፤ ቀድሞ መቁረጥ ጥሩ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።» ጎንጉና ጨረሰች፤ ፈታችው፤ እንደገና ጀመረች። «ጌታ ጠርቶኛል ብዬ አምናለሁ። ግን እኔ ባለትዳር ነኝ። ፓስተርም ነግሮኛል። የባልሽ ልብ ካልተስማማ አትሄጂም ብሎኛል። አትሂጂ ካልከኝ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። እኔም አልጨረስኩላትም። በዚያች ሰዓት ብዙ ነገር አሰብኩ። አትሂጂ ብላትና ብትቀር፣ ሰኞ ጠዋት ትሪ መደርደሪያ ፍለጋ ትወጣለች፤ እኔ ጄኔቫ እሄዳለሁ። ምን ብዬ ነው የማስቀራት? ለየትኛው ዓርብ? ሰውን ለማስቀረት እኮ ቤት ውስጥ መኖር ያስፈልጋል። ይህንን ሁሉ በልቤ በሚገባ አደራጅቼ ነበር። ጥሩ አራት ገጽ ይወጣዋል።

በአፌ ያልኩት «የራስሽ ውሳኔ ነው፤ አከብረዋለሁ» ነው።

መብራቱን አጠፋችው።

ዛሬ ሰኞ ነው። ትኬቱ ተቆረጠ።

ሰኞ፣ ጥር 5፣ ጄኔቫ

የወንዙን ገጽ ከኮምፒውተሬ አነሣሁት። ሞልቷል። የገበያው ደረጃ ሁሉ ውሃ ገብቶበታል። ባለሥልጣናቱ ስለ ጎርፍ ማስጠንቀቅ ጀምረዋል።

ማክሰኞ፣ ጥር 20፣ ክሎተን

ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ፓስተር አየነው ሻንጣዋን በራሱ እጅ መዘነው፤ ሲያልፍ ሲያገድም ሁሉ «እትዬ ትርፌ!» ይላታል። የቀድሞ ባልደረቦቿ ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ ሮጠው መጥተው አቀፏት። ሉሲኔያ አልቅሳ አልጨረሰችም። አየር ማረፊያው ውስጥ ሚስቴን የማያውቃት ሰው እኔ ብቻ የሆንኩ መሰለኝ።

ፍተሻው በር ላይ ሁሉም ፈቀቅ አሉልን። ሐሴት ጫማዋን ታያለች።

«በል እንግዲህ» አለች ትርፍነሽ። ኮሌታዬን አስተካከለች፤ የተጣመመ አልነበረም። «አንድ ነገር በለኝ።»

«ማናውስ ላይ ቀድመሽ ጀልባው ላይ ውጪ» አልኳት። «የገመድ አልጋሽን ከሞተሩ ራቅ አድርገሽ ስቀዪ። ኋላ ያለው ቦታ ጫጫታ አለው፤ እንቅልፍ አይሰጥም።»

ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ቆመ።

«እሺ» አለችኝ። «ጥሩ አድርገህ አጥንተሃል።»

ከዚያ በኋላ ሐሴትን ብዙ አቅፋ ሄደች።

ቅዳሜ፣ ጥር 24፣ ዲቤንዶርፍ

ደርሳለች። ለሐሴት የድምፅ መልእክት ልካለች፤ እኔ ከኮሪደሩ ሰማሁት። ከኋላዋ ሞተር፣ ዶሮ፣ ልጆች። «ነርስ ይሉኛል፣ ልጄ» ትላለች። «ከሩቅ ሲያዩኝ ነርስ፣ ነርስ እያሉ ይጣራሉ።» በፖርቱጋልኛ እንዴት እንደሚሉት አስመስላ አሳየቻት፤ ሁለቱም በየአገራቸው ሳቁ።

ለኔ በጽሑፍ ነው የላከችው፦ «በሰላም ገባሁ።»

እሑድ፣ የካቲት 2፣ ባቡር ውስጥ

ዛሬ ባልሄድ ይሻል ነበር። ሐሴት «አብረን እንሂድ» ስላለች ሄድኩ።

ከስብከቱ በኋላ ፓስተር አየነው «ዛሬ የተላከችውን ሳይሆን ላኪውን እናከብራለን» አለ። ገና ሳይገባኝ ስሜ ተጠራ። ወደ ፊት አወጡኝ። ሚስቱን ያለ አንዳች ማጉረምረም ለጌታ የሰጠ፣ ከተማዋንም ራሱ አጥንቶ መንገዱን የጠረገ፣ ለባሎች ሁሉ ምሳሌ የሆነ ወንድም ተባልኩ። እትዬ ሕብስት ግንባሬን ሳሙኝ። ምእመኑ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሐሴት ብቻ አልተነሣችም፤ እጆቿን እግሮቿ መካከል አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ታየኝ ነበር።

«ጋሽ ይልማ፣ አንድ ቃል ምስክርነት» አለ ፓስተር፣ ማይኩን እየሰጠኝ።

አንድ ቃል ነበረኝ፤ ለትርፍነሽ ያላልኳት። ማይኩን ያዝኩ፤ ሞቃት ነው፣ ከሱ እጅ ገና መውጣቱ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

እልልታው ቀለጠ።

ስንወጣ ፕሮጀክተር የሚይዘው ኢዮብ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። ባለፈው ዓመት ያገባ ልጅ ነው። ሚስቱ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆልፋ፣ ትራም መጠበቂያው ጋ ቆማለች።

«ጋሽ ይልማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እሷም ልሂድ እያለች ነው፣ እትዬ ትርፌ ጋ። ስድስት ወር። አትሂጂ እንዳልላት ጥሪዋን የምከለክል መሰለኝ። ሂጂ እንዳልላት...» ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ አየ። «እርስዎ እንዴት ቻሉት?»

ሚስቱ ታየናለች። የምትሰማን አይመስለኝም፤ ግን ፊቱን እያነበበች ነበር፤ ከፊቱ ላይ አንድ ነገር እስኪወጣ እየጠበቀች። አወቅኳት፤ ትርፍነሽም እንዲህ ጠብቃኝ ነበር። ትራሙ መጥቶ በሩን ከፈተ፤ አልተሳፈረችም፤ ዘጋና ሄደ።

«ጸልይበት» አልኩት።

አመስግኖኝ፣ ቀለል ብሎት ሄደ።